ንጉሡን የነከሱት ሊቀ ብር

ሊቀ ብር ዘውዴ ማረፋቸውን የነገሩኝ ሱሪ እያጠበብኩ ሳለሁ ነው። ወሬውን ይዞ የመጣው ሰው «ጋሽ ዘውዴን እኮ አጣናቸው» ሲለኝ፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ መጀመሪያ የመጣብኝ እንባ ሳይሆን «ለመሆኑ በደንብ አረጋግጣችኋል?» የሚል ጥያቄ ነበር። ዕድሜ ልካቸውን የሰውን ገንዘብ «እውነት ነው፣ ሐሰት ነው» ሲሉ የኖሩ ሰው የራሳቸውን ሞት ሳይነክሱ ይቀበላሉ ብዬ አስቤ አላውቅም።

ቀብራቸው ላይ ስለ እሳቸው እንዲናገር የተመረጠው ሰው «በሙያቸው አንድ ቀን እንኳ ተሳስተው የማያውቁ» አለ። ነጠላዬን ወደ አፌ ሳብኩ። ወዲህና ወዲያ የቆሙት የእኔ ዘመን ሰዎችም ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ትከሻቸው ይርገፈገፍ ጀመር። ወጣቶቹ «ሽማግሌዎቹ እንዴት አምርረው አለቀሱ!» ሲሉ በኋላ ሰማኋቸው። ልጆቼ፣ ለቅሶ አልነበረም።

ያኔ ናዝሬት የሚለው ስም አልወጣላትም፤ አዳማ ነበር የምንላት። ከተማ ለመባልም ገና ነበረች። ባቡር ጣቢያው፣ ጣቢያውን ተጠግተው የቆሙ የዓረብና የግሪክ ሱቆች፣ ኬላው፣ ከዚያ ወዲያ ግራርና አቧራ ብቻ ነው። እኔ ዓረቡ ሳልህ ሱቅ በረንዳ ላይ የስፌት መኪናዬን ተክዬ የሰው ልብስ እጠግናለሁ። ከመኪናዬ አጠገብ አንድ ጠፍጣፋ ጥቁር ድንጋይ ነበር። ከድንጋዩ ኋላ በርጩማ፣ በርጩማው ላይ ሊቀ ብር ዘውዴ።

የዘመኑ ገንዘብ ጣጣው ብዙ ነው። ዋናው ያ ደረተ ሰፊ የባሕር ማዶ ንግሥት ያለችበት ጠገራ ብር ነበር። የአንበሳው ብር አለ፤ አላዱ፣ ሩቡ፣ ጊርሹ፣ ቤሳው አለ። ከጅቡቲ በባቡር የሚገባው የፈረንጅ ሳንቲምም አለ። በዚህ ሁሉ መሐል ደግሞ ውስጡ እርሳስ፣ ላዩ ብር የተቀባ ሐሰተኛ ይገባል። ከአርሲ ቅቤ ጭኖ የመጣ ገበሬ የዓመት ልፋቱን ሸጦ እርሳስ ይዞ ቢመለስ ለማን አቤት ይላል? ስለዚህ ሰው የሚያውቅ ሰው ፈለገ። ሊቀ ብር ዘውዴ «እኔ አለሁ» አሉ።

ሊቀ ብርነቱን የሰጣቸው ሰው የለም። አንድ ቀን ሳልህ «ሹመቱን ከማን አገኙት?» ቢላቸው «ከብሩ» ብለው መለሱለት። ጅቡቲ ሳሉ በፈረንጅ ባንክ ቤት ገንዘብ መርማሪ እንደነበሩ ያወሩ ነበር። ከድሬዳዋ የመጣ አንድ የባቡር ሠራተኛ ግን ያውቃቸው ኖሮ «ባንክ ቤትስ ነበሩ፤ ደጁን ሲጠርጉ» አለን። ይህን ሲነግሯቸው አልደነገጡም። «ደጁን የማያውቅ ውስጡን አያውቅም» አሉ።

ምርመራቸው እንደ ቅዳሴ ሥርዓት አለው። መጀመሪያ ያሸቱታል። ቀጥሎ በትንሿ ጣታቸው ረጅም ጥፍር የንግሥቲቱን ጌጥ ዕንቁዎች አንድ በአንድ ይዳስሳሉ፤ ለዚሁ ሲሉ ያቺን ጥፍር አይቆርጧትም። ከዚያም በፊተኛ ጥርሳቸው ነከስ ያደርጉታል። በመጨረሻ ድንጋዩ ላይ ይጥሉትና ዓይናቸውን ጨፍነው ድምፁን ያዳምጣሉ። በዚህ ጊዜ እኔ መኪናዬን ማቆም አለብኝ፤ ሳልህም መመዘን ማቆም አለበት። አንድ ጊዜ አህያው ያናፋበትን ሰውዬ «አህያህን ዝም አሰኝ፤ ብር እየተናገረ ነው!» ብለው ሲቆጡት ሰውዬው እውነት መስሎት የአህያውን አፍ በሁለት እጁ ያዘ።

ሐሰት ነው ካሉ ደግሞ ይግባኝ የለም። መዶሻና መሮ ያነሡና ገንዘቡን ድንጋዩ ላይ አጋድመው ፊቱን ይሰነጥቁታል። «ከእንግዲህ ሰው አታታልልም» ይሉታል፤ ለገንዘቡ ነው የሚናገሩት። ለድካማቸው ገንዘብ አይቀበሉም፤ «እውቀት አይሸጥም» ይላሉ። ነገር ግን ዝቅ ባለ ድምፅ «ጉሮሮ ይደርቃል እንጂ» ይጨምራሉ። ያን ጊዜ ባለ ጉዳዩ አረቄ ፍለጋ ይሮጣል።

ከሁሉ የሚደንቀኝ በኖርኩበት ዘመን ሁሉ እኒህ ሰው «አላውቅም» ሲሉ ሰምቼ አለማወቄ ነው። ሊፈትናቸው የሞከረ ሰው ቢኖር እኔ ነኝ። ከአንድ የባቡር ሹፌር ኮት ላይ የወለቀ የነሐስ ቁልፍ ነበረኝ፤ ጀርባውን ሞርጄ ጠፍጣፋ አደረግኩትና «ጋሼ፣ ይህ በመልስ ገብቶብኝ ነው» ብዬ ሰጠኋቸው። አሸተቱ። ዳሰሱ። ነከሱ። ድንጋዩ ላይ ጥለው ብዙ ጊዜ አዳመጡ።

«የቱርክ ነው» አሉኝ። «እውነተኛ ነው። ግን እዚህ አገር አይሠራም።»

እዚያው ፊታቸው ሁለት ቀዳዳ በስቼ ኮቱ ላይ ሰፋሁት። ሳልህ ሳቁን መያዝ አቅቶት ወደ ጓዳ ሮጠ። እሳቸው ግን ኮቱን አይተው ራሳቸውን በአድናቆት ነቀነቁና «ይኸው፤ ቱርኮችም እንዲህ ነው የሚጠቀሙበት» አሉ።

ይህ የሚያስቅ ነው። የማያስቅም አለ። አባ ጉደታ የሚባሉ ሽማግሌ ከወንጂ ሜዳ መጡ። ልጃቸውን ሊድሩ ነው፤ ለጥሎሽ ብለው አፈር ውስጥ ቀብረው ያኖሩትን ጠገራ ብር አውጥተው በአቁማዳ ይዘዋል። አፈሩ አጥቁሮታል። ሊቀ ብር ዘውዴ አንዱን አሸተቱና ፊታቸውን አኮማተሩ። «ሐሰት ነው» አሉ። «ሁሉም ወንድማማች ነው፤ ሁሉም ሐሰት ነው።» ሽማግሌው አማርኛቸው ጥቂት ነበር፤ ሐሰት የሚለውን ግን ተረዱት። መሬት ላይ ተቀመጡ። ሊቀ ብር አዘኑላቸውና መሮውን ተዉት፤ በዚያ ፈንታ «ቢያንስ ለአንጥረኛ ሽጡት» ብለው ጎረቤታቸው ወደሆነው አንጥረኛ መሩዋቸው። አንጥረኛው በርካሽ ገዛ። አቅልጦም አምባርና ጉትቻ ሠራበት፤ በዚያ ዓመት በአዳማ የተዳረች ሙሽራ ሁሉ እጇ ላይ ያ ብር ያበራ ነበር። የአባ ጉደታ ልጅ ጋብቻ ግን ሌላ ዓመት ጠበቀ።

«ጋሼ፣ ብሩ እኮ ንጹሕ ነበር» አልኳቸው አንድ ቀን።

«ብሩ ንጹሕ አይደለም አልኩ?» አሉኝ ተቆጥተው። «ብሩ እውነት ነው። ሐሰቱ ገንዘቡ ነው።»

ከአንጥረኛው ጋር ይካፈሉ ነበር የሚሉ አሉ። እኔ አይመስለኝም። ቢካፈሉ ኖሮ ይሻል ነበር፤ ሌባ ቢያንስ የሠራውን ያውቃል።

እንግዲህ አዲሱ ንጉሠ ነገሥት በነገሡ ማግሥት ዓመት አዴ ከዲጃ መጣች። አዴ ከዲጃ ከዴራ ቅቤ እየጫነች የምትመጣ የአርሲ ሴት ናት። ቅቤዋን ለሳልህ ሸጣ፣ ጨውና አቡጀዲ ገዝታ፣ መልሷን ተቀብላ በረንዳው ላይ ስትቆጥር ቆይታ አንዱን ነጥላ ወደ ፀሐይ ከፍ አደረገችው።

«ያ ረቢ! ይኼ ደግሞ ምንድር ነው?»

አንገቴን አስግጌ አየሁት። እንደ ብር ያበራል፣ ብር ግን አይደለም። ዘውድ የደፋ ሰው ራስ አለበት፤ ጀርባው አንበሳ ነው። እንዲህ ያለ አይተን አናውቅም። ሳልህም «ከአዲስ አበባ በባቡር የመጣ መንገደኛ ነው የሰጠኝ፤ ሳላየው ተቀብዬ ነው መሰለኝ» አለ። አዴ ከዲጃ ወደ ድንጋዩ ዞረች።

«ኦቦ ዘውዴ፣ እስቲ እዩልኝ።»

ሊቀ ብር ተቀበሏት። አሸተቱ፤ ምንም አይሸትም። ጥፍራቸውን ሰደዱ፤ ንጉሥ እንደ ንግሥት ዕንቁ በየቦታው አያደርግምና የሚዳሰስ አጡ። ከዚያ እንደ ልማዳቸው ነከሱት። ለስላሳ ብር የለመደ ጥርሳቸው ቋ! ሲል እኔ ከመኪናዬ ላይ ሰማሁት። አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። እጃቸውን ሲያነሡት ግማሽ ጥርስ መዳፋቸው ላይ ነበር።

«ሐሰት ነው!» አሉ፤ ድምፃቸው እያፏጨ። «እንዲህ ያለ ሐሰት በዕድሜዬ አላጋጠመኝም!»

«ጋሼ፣ ፊደል እኮ አለበት» አልኳቸው። ቤተ ክህነት ፊደል ቆጥሬያለሁና ጥቂት ማንበብ እችላለሁ። «የንጉሡ ስም ይመስላል።»

«ሌባ የራሱን ስም ይጽፋል እንዴ?» አሉኝ። «የሌላ ሰው ስም ነው የሚጽፈው!»

መሮውን አነሡ። ብረቱ ግትር ነበር፤ አልሰነጠቅ አለ። ደጋግመው በመዶሻ ሲሉት ግን ከንጉሡ ግንባር እስከ አገጩ ድረስ ጠባሳ ወጣበት። ሰው ተሰብስቧል። ሊቀ ብር በጥርሳቸው መሰበር ተናደው መዶሻውን ወደ ሰማይ አነሡና ለከተማው ሁሉ እንዲሰማ «ይህን የቀረጸ እጅ ይቆረጥ! ያስቀረጸውም አብሮ!» ብለው ፈረዱ።

ከተሰበሰበው ሰው መሐል የኬላው ጸሐፊ አቶ መኩሪያ ቆሞ ነበር። ሊቀ ብር አንድ ጊዜ የመኩሪያን ደሞዝ ባደባባይ ሐሰት ብለውበት ስለነበር አቶ መኩሪያ እሳቸው የሚሉትን ሁሉ በልቡ ይጽፋል። በዚያን ቀን ፈገግ ብሎ ሄደ።

አዴ ከዲጃ ጠባሳ የወጣበትን ገንዘብ አንሥታ በሻሿ ጫፍ ቋጠረችው። «ሐሰት ከሆነ ምን ያደርግልሻል?» ቢሏት «ሐሰቱም ቢሆን የእኔ ነው» አለች።

በሚቀጥለው ገበያ ነጋሪት ተጎሰመ። አዋጁ ሲነበብ ሁላችንም ቆመን ሰማን፤ የንጉሠ ነገሥቱ መልክ ያለበት አዲስ ገንዘብ ወጥቷል፤ አልቀበልም ያለ፣ ያበላሸም ይቀጣል። አዋጁ ሳያልቅ ሰው ሁሉ ወደ ሳልህ በረንዳ ዞረ። ሊቀ ብር ዘውዴ በርጩማቸው ላይ ነበሩ። ፊታቸው እንደ አመድ ሆነ። አዋጁ ሲያልቅ ዘበኞች መጥተው እጃቸውን የፊጥኝ አስረው ወሰዷቸው፤ መሮውንም፣ ድንጋዩንም ለማስረጃ አብረው አነሡ።

ችሎቱ ከኬላው ጀርባ ግራር ሥር ነው። ዳኛው ፊታውራሪ እንቅልፋም ሰው ነበሩ፤ በዚያ ቀን ግን አልተኙም። አዴ ከዲጃ ቋጠሮዋን ፈትታ ገንዘቡን ሰጠቻቸው። ጠባሳውን በጣታቸው ዳሰሱት።

«ዘውዴ፣ ይህን የመታኸው አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ፣ ጌታዬ።»

«የንጉሡ መሆኑን አውቀህ ነው ሳታውቅ?»

አቶ መኩሪያ ሳይጠየቅ ብድግ አለ። «ጌታዬ፣ ዘውዴ የማያውቀው ገንዘብ የለም! እኔ አይደለሁም፣ ራሱ ነው የሚለው። አገር ይጠየቅ!»

ፊታውራሪው በእጃቸው አስቀመጡትና ወደ እስረኛው አጎነበሱ። ክፉ ሰው አልነበሩም። «ስማ ዘውዴ» አሉ። «አውቄ ነው ካልክ ነገሩ ከእኔ በላይ ነው፤ ታስረህ አዲስ አበባ ትላካለህ፣ ከዚያ ወዲያ ያለውን ፈጣሪ ያውቃል። አላወቅሁም ካልክ ግን ገና ያልታወጀ ነገር ነው፣ ምለህ ወደ ቤትህ ትገባለህ። አንድ ቃል ናት፤ በላት።»

ሊቀ ብር ከንፈራቸውን አንቀሳቀሱ።

«ጌታዬ፣ በዚያ ቀን ድንጋዩን ፀሐይ መትቶት ነበር…»

«ስለ ድንጋዩ አልጠየቅሁህም።»

«ጥርሴም አሞኝ…»

«ዘውዴ!»

«ጌታዬ፣ ማወቅ ሲባል ብዙ ዓይነት ነው…»

ሚስታቸው እትዬ አስካለ ከሴቶቹ መሐል ጮኸች። «በል እንጂ ሰውዬ! አላወቅሁም በል! ልትሞትብኝ ነው?»

እንደታሰሩ ዞረው «አንቺ በማታውቂው አትግቢ!» አሏት።

ሰው ሳቀ። እኔ ግን ያን ጊዜ አልሳቅሁም። ፊታቸውን እያየሁ ነበር። ቃሏ ጉሮሯቸው ላይ ደርሳ ስትመለስ ታስታውቃለች፤ አጥንት እንደተሰነቀረበት ሰው ይውጣሉ፣ ይውጣሉ፣ አትወርድም፣ አትወጣም። እኒህ ሰው አንዲት ቃል ከመናገር መሰቀል እንደሚሻላቸው ገባኝ። ፊታውራሪውም ገባቸው መሰለኝ፣ ተስፋ ቆርጠው ወደ ጸሐፊያቸው ሊዞሩ ሲሉ አዴ ከዲጃ ወደ ፊት ወጣች።

«ጌታዬ፣ እኔ ልናገር?»

«ከሳሽ ነሽ?»

«ከሳሽ አይደለሁም፤ ገንዘቤን ነው የምፈልገው። ይኼ ሰውዬ ቢሰቀል ገንዘቤ አይመለስልኝም። ቁርአን አምጡና ልማል፤ ወላሂ፣ ኦቦ ዘውዴ ምንም አያውቅም!»

ሊቀ ብር ራሳቸውን ቀና አደረጉ። «ምን አልሽ አንቺ?»

«አታውቅም!» አለቻቸው፤ ከእርስዎ ወደ አንተ የተሻገረችው እዚያው ነው። «መቼም አውቀህ አታውቅም! አሁን ዝም በል፣ ላድንህ ነው።»

ከዚህ በኋላ ማን ይያዘን? አባ ጉደታ ከወንጂ ድረስ የመጡት ሊቀ ብር ሲቀጡ ለማየት ነበር። በትራቸውን ተደግፈው ተነሡና «ሆማ ሂንቤኩ!» አሉ፤ አፈር ስላጠቆረው ብራቸው እያነሡ በኦሮምኛ ብዙ ተናገሩ። አስተርጓሚው «ምንም አያውቅም ነው የሚሉት» ሲል ፊታውራሪው «ገብቶኛል» አሉ። ሽማግሌው ሊበቀሉ መጥተው ነፍስ ማዳናቸውን ያወቁት ከተቀመጡ በኋላ አጠገባቸው ያለው ሰው ሲነግራቸው ነው። ፊታቸው ጠቆረ፤ የሰጡት ቃል ግን አይመለስም። እኔም ተነሥቼ የቱርኩን ገንዘብ ነገር ተናገርኩ። ሳልህ መሰከረ። አንድ የገበያ ደላላ መሰከረ። አንጥረኛውም ሳይቀር መሰከረ። በመጨረሻ እትዬ አስካለ መጥታ መስቀል ስማ «አብሬው አርጅቻለሁ ጌታዬ፤ ምንም አያውቅም» አለች። እያንዳንዱ ምስክር ሲናገር ሊቀ ብር በመሮ የተመቱ ይመስል ይሸማቀቁ ነበር።

ፊታውራሪው ፈረዱ። «ዘውዴ አለማወቁ በአገር ምስክር ስለጸና በነጻ ይሂድ። የሴትዮዋን ገንዘብ ይተካ።»

ሰው እልል አለ። ገመዱ ተፈታ። ሊቀ ብር ዘውዴ ግን አልሄዱም። እጃቸውን ወደ ላይ አነሡ።

«ይግባኝ!»

«ምን?» አሉ ፊታውራሪው። «በነጻ ለቅቄህ?»

«በመለቀቄ አይደለም ጌታዬ፤ በምክንያቱ ነው ይግባኝ የምለው!»

እትዬ አስካለና ሳልህ በግራና በቀኝ ይዘው ጎትተው አወጧቸው። በማግሥቱ ባቡር ተሳፍረው አዲስ አበባ ሄደው «አዋቂ ነኝ» ብለው ሊከራከሩ ተነሥተው ነበር አሉ፤ እትዬ አስካለ ጫማቸውን ደበቀችባቸው። ባዶ እግሬን ችሎት አልቆምም ብለው ቀሩ።

አገር ሁሉ ምሎ አያውቅም ያለው ሰው ከዚህ በኋላ ምን ሥራ አለው ትላላችሁ? እኔም እንዲያ ብዬ ነበር። ወር ሳይሞላ በርጩማቸው ላይ ተመለሱ፤ ወር ሳይሞላም ሰው ተመለሰ። ከአባ ጉደታ በቀር የመሰከሩባቸው ሁሉ መጡ። አዴ ከዲጃን ተሰልፋ ሳያት ማመን አቃተኝ።

«አዴ ከዲጃ፣ ቁርአን አምጡ ብለሽ አያውቅም ያልሽው አንቺ አይደለሽም?»

«ነኝ» አለችኝ። «አያውቅም። ማን ያውቃል ታዲያ? አንተ ታውቃለህ?»

ወደ ስፌት መኪናዬ ተመለስኩ።

ሊቀ ብር ግን ተለውጠው ነበር። ንግሥቲቱ ያለችበትን ጠገራ ሲያመጡላቸው እንደ ድሮው ያሸታሉ፣ ይነክሳሉ፣ በመሮም ይሰነጥቃሉ። የንጉሡ መልክ ያለበት ሲመጣ ግን አይነኩትም። ገና ከሩቅ ሲያዩት ከበርጩማቸው ብድግ ይላሉ። በኬላው መስኮት አቶ መኩሪያ እንደሚያያቸው ያውቃሉና ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «እውነተኛ ነው! እጅግ እውነተኛ ነው!» ይላሉ። ይህን የሰማ አንድ ብልህ ሰው፣ ማን እንደሆነ እስከዛሬ አልታወቀም፣ እርሳስ እያቀለጠ የንጉሡ መልክ ያለበት ገንዘብ ማውጣት ጀመረ። ንጉሡ አፍንጫቸው ጠሟል፣ አንበሳውም ውሻ ይመስላል፤ ቢሆንም ከሞጆ እስከ መተሐራ ያለ ነጋዴ «ዘውዴ እውነተኛ ብሎታል» እየተባባለ ይቀባበለው ጀመር።

አንድ የገበያ ቀን አዴ ከዲጃ ከእነዚህ አንዱን ይዛ መጣች።

«ኦቦ ዘውዴ፣ ይኼ እርሳስ ነው።»

«እውነተኛ ነው!» አሉ ብድግ ብለው።

«እዩት እንጂ መጀመሪያ!»

«የንጉሥ መልክ ይመረመራል እንዴ? እውነተኛ ነው አልኩ።»

አዴ ከዲጃ ምንም አልመለሰችም። ገንዘቡን በሁለት ጣቷ ያዘችና ፊታቸው ላይ እጥፍ አደረገችው፤ እንደ እንጀራ ታጠፈ። ኬላው መስኮት ላይ አቶ መኩሪያ ክርኑን አስደግፎ ወደ እኛ ይመለከታል።

ሊቀ ብር ዘውዴ የታጠፈውን ንጉሥ አዩ። መስኮቱን አዩ። ገንዘቡን ከአዴ ከዲጃ ተቀበሉና ንጉሡን በሁለት አውራ ጣታቸው ቀስ አድርገው አቃኑት። አፍንጫውን በጥፍራቸው ጠገን አደረጉለት። ከዚያ መዳፏ ላይ መልሰው አስቀመጡላትና፣ ወገባቸውን ሰብረው፣ ወደ ኬላው መስኮት እጅ ነሡ።